የድጋፍ መኖሪያ ለወላጃችሁ ይስማማል? ቀኑንም ሌሊቱንም አይቶ መወሰን

ነርስ ነኝ። ሥራዬ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ወደሚኖሩበት ቤት ሄጄ ከእነሱና ከልጆቻቸው ጋር መቀመጥ፣ ከዚያም ድጋፍ የሚሰጥ የአረጋውያን መኖሪያ ይሻላቸው እንደሆነ አብሬ መመርመር ነው። ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት «እማዬ ከእንግዲህ ብቻዋን መኖር ትችላለች?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሳል። ብቻውን መኖር ያልቻለ ሰው ሁሉ የድጋፍ መኖሪያ ይስማማዋል ማለት አይደለምና። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው በስንት ሰዓት ነው? ሰዓቱስ አስቀድሞ ይታወቃል?

የድጋፍ መኖሪያ አረጋዊው የራሳቸው ክፍልና ከውስጥ የሚቆለፍ በር ኖሯቸው፣ ምግብ እየቀረበላቸው፣ ገላ ለመታጠብ፣ ልብስ ለመልበስና መድኃኒት በወቅቱ ለመውሰድ ሰው የሚያግዛቸው ቤት ነው። ኬረን ብራውን ዊልሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ይህን ዓይነት ቤት ሲያቋቁሙ መነሻቸው የገዛ እናታቸው ነበሩ። እናትየው በስትሮክ ተመትተው ለዓመታት በነርሲንግ ማዕከል (ነርሶች ሌት ተቀን በሚንከባከቡበት ተቋም) ኖረዋል፤ የሚመኙትም እርዳታ እያገኙ የራሳቸውን በር ራሳቸው መዝጋት ነበር። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ነገር ግን ከዚሁ ሐሳብ የሚከተል፣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ልብ የማይለው ነገር አለ። ሠራተኛ ሌት ተቀን በሕንፃው ውስጥ አለ፤ ከአልጋው አጠገብ ግን የለም። በሩ ሲዘጋ አረጋዊው ብቻቸውን ናቸው።

ስለዚህ ቤቱ የሚስማማው ችግሩ ቀጠሮ ላለው ሰው ነው። ጠዋት ለመልበስ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለመታጠብ፣ ማታ ክኒን ለመዋጥ አጋዥ የሚፈልግ ሰው ችግሩ ቀጠሮ አለው። በየትኛውም ደቂቃ ሊወድቅ፣ ሊታነቅ ወይም በር ከፍቶ ሊወጣ የሚችል ሰው ችግሩ ቀጠሮ የለውም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ነው።

ከሁሉ በፊት ሐኪም

ከሳምንት በፊት ደህና የነበሩ አባት ዛሬ የልጃቸው ስም ከጠፋባቸው፣ ቀኑን ሲያንቀላፉ ውለው ሌሊት የሌለ ሰው ካነጋገሩ፣ ስለ መኖሪያ ማሰቡን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። ተራ እርጅና እንዲህ አያደርግም፤ እንደ አልዛይመር ያለው የመርሳት በሽታም በዚህ ፍጥነት አይመጣም። ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ሊሆን ይችላል። ከጀርባውም ብዙ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ይገኛል። ምክንያቱ ሲታከም ብዙዎች ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ በቀናት፣ አንዳንዶቹ ግን በሳምንታት ወይም በወራት። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ ውል መፈረም የማልወደው ለዚህ ነው። ከሆስፒታል መውጫው ቀን ደርሶ «የት እናድርሳቸው?» የሚል ጥድፊያ ሲመጣ፣ ለጊዜው ብቻ የሚሆን ማገገሚያ ወይም የቤት ውስጥ ነርስ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ትልቁን ውሳኔ ሰውየው ራሳቸውን ሲሆኑ ትደርሱበታላችሁ።

ቀስ ብሎ የመጣ መርሳትም ቢሆን ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ መዳከምና ድብርት መርሳትን ይመስላሉ። በተለይ ድብርት በአረጋውያን ላይ እንባ ሳይኖረው «ምን ያደርግልኛል» በሚል ዝምታ ይመጣል፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ 15 ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ አለ፤ ሐኪማችሁ እንዲጠቀምበት ጠይቁ። መድኃኒቶቹን ደግሞ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዙትን ጨምሮ፣ በአንድ ከረጢት ሰብስባችሁ ለፋርማሲ ባለሙያ አሳዩ። ለእንቅልፍና ለአለርጂ የሚወሰደው ዳይፈንሃይድራሚን የአረጋውያንን አእምሮ ያደነዝዛል፤ ከ1991 ጀምሮ እየታደሰ በሚወጣው የቢርስ ዝርዝር ውስጥም ለአረጋውያን ከማይመከሩት መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ጆሮንም አትርሱ። አንዲት እናት «ሁሉን ነገር ረስታለች» ተብሎ ተጠርቼ ሄድኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ቀኑን፣ ወሩን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ጠየቅኋቸው። መልሳቸው ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም፤ ፈገግ ይላሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሌላ ወሬ ያመጣሉ። ከቦርሳዬ ወረቀት አውጥቼ ያንኑ ጥያቄ በትላልቅ ፊደል ጻፍኩት። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና አንድም ሳይሳሳቱ መለሱልኝ፤ የልጅ ልጆቹንም በዕድሜ ቅደም ተከተል ጠሩልኝ። ሐኪም ሲያያቸው ሁለቱም ጆሮዎቻቸው በደረቀ ኩክ ተደፍነዋል። ያን ቀን በዚያ ቤት ስለ መኖሪያ የሚወራ ነገር አልነበረም።

ጠይቆ ሳይሆን አይቶ

«ይታጠባሉ?» ብትሉ «አዎ» ይሏችኋል። «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» «ሳላጓድል!» ይህ ውሸት አይደለም፤ ለክብር መከላከል ነው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ስለዚህ ማየት ይሻላል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው ሁለት ዝርዝሮች አሉ። አንደኛው ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቻቸው በ1963 ያወጡት ሲሆን ስድስት ነገሮችን ይመለከታል፤ ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋና ከወንበር መነሣት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ ራስን መመገብ። ሁለተኛው የሎውተንና የብሮዲ የ1969 ዝርዝር ነው፤ ስልክ መጠቀም፣ ገበያ መውጣት፣ ምግብ ማብሰል፣ ቤት ማጽዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ከቦታ ቦታ መሄድ፣ መድኃኒት መውሰድና ገንዘብ መያዝ። በአብዛኛው ከሁለተኛው ዝርዝር የተወሰኑትን፣ ከመጀመሪያው ደግሞ አንድ ወይም ሁለቱን ያጡ ሰዎች ለድጋፍ መኖሪያ የሚታሰቡ ናቸው። ከመጀመሪያው ዝርዝር አራትና አምስት የጎደለባቸው ከሆነ ግን ከዚያ ከፍ ያለ እንክብካቤ ያስፈልጋቸው እንደሆነ በጥንቃቄ መታየት አለበት።

መታጠብ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ነው፤ የሚደበቀውም እሱ ነው። «ታጥቤያለሁ» ባሉበት ቀን መታጠቢያ ቤቱን ተመልከቱ። ሳሙናው ደርቆ ተሰነጣጥቋል? ፎጣው እንደታጠፈ ነው? ብዙዎች መታጠብ የሚተዉት ስንፍና ይዟቸው ሳይሆን እግራቸውን አንሥተው የገንዳውን ጠርዝ መሻገር ስለፈሩ ነው። እንዲህ ከሆነ መያዣ ብረትና የገላ መታጠቢያ ወንበር ነገሩን ሊፈቱት ይችላሉ።

አረማመዳቸውን ለማየት የክንድ ማሳረፊያ ያለው ተራ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው። ተነሥተው 3 ሜትር እንዲሄዱ፣ ዞረው ተመልሰው እንዲቀመጡ አድርጉ፤ ምርኩዝ ካላቸው በምርኩዛቸው። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ስጋት አለ ማለት ነው። እኔ ግን ከሰዓቱ ይልቅ እጃቸውን ነው የማየው። ለመነሣት ስንት ጊዜ ይሞክራሉ? ሲዞሩ ምን ይይዛሉ? ከመኝታ ቤት እስከ መጸዳጃ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በወገብ ቁመት፣ የጠቆረ የጣት ምልክት ተከታትሎ ካያችሁ ግድግዳውን እየደገፉ መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ሲሶ ያህሉ በየዓመቱ ስለሚወድቁ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትቁጠሩት። የደም ግፊታቸውንም ተኝተው፣ ከዚያም ቆመው አስለኩ። በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ራስ ማዞሩ ምክንያት አለው፤ ሐኪም የሚያስተካክለው መድኃኒት ሊኖር ይችላል።

ክኒን ቁጠሩ። 30 ክኒን የያዘ፣ በቀን አንድ የሚዋጥ ጠርሙስ ከተከፈተ 12 ቀን ሲሆነው 18 ሊቀር ይገባል። 25 ካለ ተረስቷል፤ 10 ካለ ተደግሟል። የተደገመው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ በተለይ ኢንሱሊን፣ ደም ማቅጠኛ ወይም የልብ መድኃኒት ከሆነ። በድጋፍ መኖሪያ ለመግባት ከሚያበቁ ምክንያቶች ሁሉ እኔ በጣም የማምንበት ይህ ነው። መድኃኒት ሰዓት አለው፤ ቤቱም ሰዓት የሚጠብቅ ሰው አለው።

ሚዛንም ላይ አውጧቸው። 60 ኪሎ የነበሩ እናት ሳያስቡት በግማሽ ዓመት ውስጥ 57 ከሆኑ ሐኪም ሊያየው የሚገባ መቀነስ ነው። ያልተከፈቱ ፖስታዎች፣ ሁለት ጊዜ የተከፈለ ሒሳብ፣ ታችዋ የጠቆረ ድስት፣ ይህን ሁሉ መዝግቡ። የሚችሉትንም መዝግቡ። እኔ ከሚችሉት ነው የምጀምረው፤ የወላጅን ጉድለት ብቻ የያዘ ወረቀት ሲነበብ የሚሰማው ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧልና።

ደብተሩ

አሁን ሰዓቱን መያዝ ይቀራል። አንድ ደብተር ውሰዱና ለሁለት ሳምንት ሦስት ነገር ጻፉ፤ ሰዓት፣ ምን እንዳስፈለገ፣ ማን እንደረዳ። «እየባሰባት ነው» የሚል ነገር አትጻፉ፤ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ካልሲ ማጥለቅ፣ እኔ» ይበቃል። ሌሊቱንም ጭምር። አብሯቸው የሚያድር ሰው ከሌለ ከልጆቹ አንዱ ጥቂት ሌሊት እዚያ ይደር፤ ቀን ቀን ብቻ ታይቶ የተወሰነ ውሳኔ ግማሹ ጎደሎ ነው።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። በወንድማማችና እህትማማች መካከል ሁልጊዜ የማየው ጠብ አለ። በእሑድ የሚመጣው ልጅ «ደህና ናት እኮ፣ ስንጫወት ነው የዋልነው» ይላል። አብራ የምትኖረው ልጅ ታለቅሳለች። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ወላጅ እንግዳ ሲመጣ ያለውን አቅም ሁሉ አሰባስቦ ይቀመጣል፤ ማታ ይደክማል። ደብተሩ ሲገለጥ ክርክሩ ረገብ ይላል።

በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ እያንዳንዱን መስመር አንብቡና «ይህን ዛሬ ማታ ስለ ነገ መናገር እንችል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ። ደብተራቸው ጠዋት 1 ሰዓት መልበስ፣ 2 ሰዓት ክኒን፣ ማክሰኞና ዓርብ መታጠብ፣ ምሽት 3 ሰዓት ክኒንና የዓይን ጠብታ ይላል። ሌሊቱ ባዶ ነው። በምርኩዝ ይሄዳሉ፣ ስልክ ይደውላሉ፣ ሲያማቸው «አመመኝ» ይላሉ። ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ሰው አላውቅም፤ ገብተውም ለጎረቤቶቻቸው ጋዜጣ አንባቢ ሆኑ። ሌላው አባት ከሳቸው የበለጠ ጠንካራ ይመስላሉ፤ ያለ ምርኩዝ ይራመዳሉ፣ ይቀልዳሉ። ደብተራቸው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ ሌላ ቀን ደግሞ 7 ሰዓትና 10 ሰዓት ይላል። ሲነሡ ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም፤ አንድ ጊዜ የውጭውን በር ከፍተዋል። ልጃቸው «አባዬ እኮ ምንም አይጎድለውም፣ መጠነኛ ድጋፍ ይበቃዋል» ብሎ ነበር። ለእሳቸው ያስፈለገው ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ሰውና ለመርሳት ሕሙማን ተብሎ የተዘጋጀ ክፍል ነው።

ደወሉን ይጫኑታል?

መርሳት ያለበት ሰው በድጋፍ መኖሪያ መኖር ይችላል? በመጀመሪያው ደረጃ ብዙዎች ይችላሉ። መስመሩ የት እንደሆነ ለማወቅ ሐኪሙ አጫጭር ፈተናዎችን ይሰጣል። ሚኒ ኮግ የሚባለው ለምሳሌ ሦስት ቃል አስይዞ፣ የሰዓት ሥዕል አስሥሎ፣ ቃላቱን መልሶ ይጠይቃል፤ ከ5 ነጥብ ከ3 በታች ከመጣ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያሻል። ጥሩ መነሻ ነው፤ ስለ መኖሪያው ግን ብዙ አይነግራችሁም። ለእኔ የሚነግረኝ ደወሉ ነው።

በድጋፍ መኖሪያ ውስጥ በአልጋው አጠገብና በመታጠቢያ ቤቱ የሚሳብ ገመድ ወይም አንገት ላይ የሚንጠለጠል መጥሪያ አለ። ቤቱ በሙሉ የቆመው አረጋዊው ሲቸግራቸው ያንን ይነካሉ በሚል እምነት ላይ ነው። የሚነኩ ከሆነ ሰው ይመጣል። የማይነኩ ከሆነ፣ ወድቀው ቢተኙ ሠራተኛው የሚያገኛቸው በሚቀጥለው የጉብኝት ሰዓት ነው።

ይህን እቤት መሞከር ይቻላል። ገመድ አልባ የበር ደወል ወይም ተራ የእጅ ቃጭል አልጋቸው አጠገብ አስቀምጡ። «እማዬ፣ የሆነ ነገር ስትፈልጊ ይህን ደውዪ፣ እኔ እመጣለሁ» በሏቸው፤ አብራችሁ ሞክሩት። ከዚያ አታስታውሷቸው። አንድ ሳምንት ጠብቁ። ውሃ ሲፈልጉ ይደውላሉ? ወይስ ይጣራሉ? ወይስ ዝም ብለው ይነሣሉ? መጣራትም አንድ ነገር ነው፤ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው አውቀዋል፣ መሣሪያውን መልመድ ነው የቀራቸው። ደወሉን ምን እንደሆነ ሳያውቁት በእጃቸው እያገላበጡ ከተመለከቱት፣ ወይም «ሰው ላለማስቸገር ብዬ ነው» እያሉ በዚያ በሚያዳልጥ ወለል ላይ ብቻቸውን ከተነሡ፣ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የመጀመሪያው የማስታወስ ነው፤ የድጋፍ መኖሪያ ተራ ክፍል አይበቃቸውም። ሁለተኛው የጠባይ ነው፤ በንግግር የሚፈታበት ዕድል አለ። «ስትደውሉልኝ ነው የሚቀለኝ፤ ስትወድቁ ነው የምታስቸግሩኝ» ብዬ ለብዙዎች ተናግሬያለሁ፤ ሰምተውኛልም።

በግልጽ የማይስማማባቸው ሁኔታዎች

ከአልጋ ለመነሣት ሁለት ሰው የሚያስፈልጋቸው፣ ጥልቅ የመኝታ ቁስል ያለባቸው፣ በቱቦ የሚመገቡ፣ ሲውጡ በተደጋጋሚ የሚታነቁ፣ ትንፋሻቸው ወይም ልባቸው በየዕለቱ የነርስ ክትትል የሚሻ፣ በሌላ ነዋሪ ላይ እጅ የሚያነሡ፣ መውጫ በር የሚፈልጉ። ብዙ ቤቶች እነዚህን አይቀበሉም፤ «እንቀበላለን» የሚል ካገኛችሁም በምን የሰው ኃይል እንደሆነ ሳትጠይቁ አትለፉ። እነዚህ ሰዎች የነርሲንግ ማዕከል፣ የመርሳት ሕሙማን ክፍል ወይም ቤት ውስጥ የሙሉ ጊዜ ተንከባካቢ ያስፈልጋቸዋል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ያልደረሱ አሉ። ምግብ ማብሰልና ልብስ ማጠብ ብቻ የከበዳቸው ሰው በሳምንት ጥቂት ቀን የሚመጣ አጋዥ ይበቃቸዋል። ለመውደቅ ስጋት ከቤት ማስወጣት ሳይሆን ምንጣፉን ማንሣት፣ ወደ መጸዳጃ በሚወስደው መንገድ የሌሊት መብራት ማድረግና ፊዚዮቴራፒስት ማምጣት ይቀድማል። ብቸኝነት ግን እንደ ሰውየው ጠባይ ይመዘናል። ሰው የሚወዱ፣ ቤታቸው ጭር ስላለ ብቻ የጠወለጉ እናት በመኖሪያው የመመገቢያ አዳራሽ ሲነቁ አይቻለሁ። ዕድሜ ልካቸውን በጸጥታ መቀመጥን የመረጡ ሰው ግን በሰው ብዛት አይድኑም። በ80 ዓመት ጠባይ አይለወጥም፤ ያወቃችሁትን ሰው አስቡ።

ተንከባካቢውንም መርምሩ። አባትን ከአልጋ እያነሣች ወገቧ የታመመ፣ ሌሊት የማትተኛ፣ ሥራዋን የተወች ልጅ ካለች ይህ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። የተንከባካቢን ጫና የሚለካ፣ ዛሪት የሚባል 22 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ልጅቱ ብቻዋን ትሙላው፤ ወንድሞቿ ባሉበት «ምንም አልሆንኩም» ትላለችና። «ሰው ምን ይለናል?» የሚለው ፍርሃት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የሚለው ሰው ሌሊት ተነሥቶ አንሶላ የሚቀይር አይደለም።

የእሳቸው ቃል

ይህን ሁሉ ስትሠሩ ባለጉዳዩ ሳይሰሙ አትሥሩ። ልጆች ተሰብስበው ወስነው፣ ሻንጣ አዘጋጅተው፣ «ለጥቂት ቀን ነው» ብለው የወሰዷቸውን አረጋውያን አይቻለሁ። እያንዳንዱን ቀን «መቼ ነው የምትወስዱኝ?» እያሉ ይቆጥሩታል፤ ቀጥሎ የምትነግሯቸውንም እውነት አያምኑም። አትዋሹ።

መርሳት ስላለባቸው ብቻ መወሰን አይችሉም ማለት አይደለም። ባለሙያዎች የሚመለከቱት አራት ነገር ነው፤ የተነገራቸውን ይረዳሉ? ነገሩ ስለ ራሳቸው መሆኑን ይቀበላሉ? አማራጮችን ያመዛዝናሉ? ምርጫቸውን ይገልጻሉ? የገንዘብ ሒሳብ የማይችሉ ሰው የት መኖር እንደሚፈልጉ በግልጽ ማወቅ ይችላሉ። እነዚህን አራቱን አሟልተው «ወድቄም ቢሆን እዚሁ ቤቴ» የሚሉ ከሆነ፣ ውሳኔው የእሳቸው ነው፤ የእናንተ ድርሻ ቤቱን የቻላችሁትን ያህል አደጋ የሌለው ማድረግ ነው። ይህን መቀበል ለልጅ ይከብዳል። ቢሆንም የሰው ሕይወት የራሱ ነው።

ንግግሩን ስትጀምሩ ስለ ሕንፃው አታውሩ። «አባዬ፣ ጠዋት ልብስ መልበሱ እንዴት እየሆነ ነው? ማን ቢያግዝህ ደስ ይልሃል?» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ «የማትተወው ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ የጸሎት ሰዓቱን ይላል፣ ሌላዋ አበቦቿን፣ ሌላው በቋንቋው የሚያናግረው ሰው። በተለይ የኋለኛውን ልብ በሉ፤ መርሳት ሲገፋ በኋላ የተለመደ ቋንቋ ቀድሞ ሊሸሽ፣ የልጅነቱ ሊቀር ይችላል። በዚያ ቤት በዚያ ቋንቋ የሚያናግራቸው አንድም ሰው ከሌለ፣ ሌላው ሁሉ ተሟልቶም ብቻቸውን ናቸው። ይህን መልስ ይዛችሁ ነው ቤት ልታዩ የምትሄዱት።

ስትጎበኙ

ቀጠሮ አስይዛችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ሌላ ጊዜ በማታ ወይም በእሑድ ተመለሱ፤ የሠራተኛው ቁጥር የሚታየው ያኔ ነው። ደብተራችሁን ይዛችሁ በየመስመሩ ጠይቁ፤ «ምሽት 3 ሰዓት የዓይን ጠብታ ማን ያደርግላቸዋል? ሌሊት ስንት ሠራተኛ ለስንት ነዋሪ ያድራል? ነርስ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት አለ? ኢንሱሊን የሚወጋው ማነው?» አስጎብኚው ከፈቀደ የአንዱን ባዶ ክፍል መጥሪያ ተጫኑና ሰው እስኪመጣ ሰዓታችሁን ተመልከቱ። በመመገቢያ ሰዓት ተቀመጡ። ሠራተኞቹ ነዋሪዎችን በስም ይጠራሉ? ያልበላ ሰው ሳህኑ ዝም ብሎ ይነሣል ወይስ «ምነው አልተመቸዎትም?» ይባላል?

በውሉ ውስጥ እኔ መጀመሪያ የማነበው ነዋሪው እንዲወጣ የሚጠየቅበትን አንቀጽ ነው። በምን ምክንያት፣ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ፣ ሆስፒታል ቢገቡ ክፍሉ ለምን ያህል ጊዜ ይጠበቃል፣ እርዳታው ሲጨምር ክፍያው በምን ስሌት ያድጋል? የቃል መልስ አትቀበሉ፤ የተጻፈበትን ገጽ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሁኔታቸው እየከፋ በሚሄድ በሽታ ለተያዙ ሰው ይህ አንቀጽ ከክፍሉ ስፋት ይልቅ ይበልጣል፤ አመት ሳይሞላ ሁለተኛ መዛወር የመጀመሪያውን ያህል ይጎዳልና።

ቤቱ ለአጭር ጊዜ የሚያስተናግድ ከሆነ አንድ ወር ይሞክሩት፤ የቤታቸውን ቁልፍም ሆነ ዕቃ በዚያ ወር አትንኩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለማንም ከባድ ስለሆኑ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ተነሥታችሁ አትፍረዱ፤ ምግብ እየበሉ፣ እየተኙና ቢያንስ የአንድ ሰው ስም እየጠሩ እንደሆነ ተከታተሉ። የደብተሩን ቅጂ ለሠራተኞቹ ስጡ፣ በወሩ መጨረሻ እነሱም የራሳቸውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሌሊት የተጻፉት መስመሮች በዝተው ከሆነ፣ ከቤቱ ኃላፊና ከሐኪማቸው ጋር ያን ሳምንት ተቀመጡ።